«እኔንም እያሳለኝ ነው»

ሐምሌ መግቢያ ላይ ከጅማ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈችልኝ ነርስ ናት። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ። ዋናው ይህ ነው።

«ሰላም ሲስተር። እንደምን አሉልኝ? ዕድሜዬ 29 ነው። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ መሥራት ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። የ9 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ከ2 ወር በፊት የዋርዳችን ጽዳት ሠራተኛ ቲቢ እንዳለባት ታወቀ። አብረን ቡና የምንጠጣ ሰው ናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤቷ ሄዶ አልጠየቃትም። እኔም አልሄድኩም፤ አፍሬያለሁ። አሁን እኔንም እያሳለኝ ነው። 3 ሳምንት አለፈው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ወሰድኩ። ትንሽ ሻል ብሎኝ ነበር፤ መልሶ ያዘኝ። ሌሊት ያልበኛል። ጡት ስለማጠባ ይሆናል እላለሁ። መመርመር ፈራሁ። እዚያው ብመረመር ካርዴን ሁሉም ያየዋል። አማቴ ከወዲሁ ስኒዬን ለይታለች። ‹ሥራሽን ተዪ፣ ልጅሽን አስቢ› ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ዋርዱን ልልቀቅ ወይስ ሙያውን? ልጄንስ ማጥባቴን ልቀጥል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው።

ልጅሽን አጥቢያት። የቲቢ ጀርም በጡት ወተት አይተላለፍም። ቲቢ ቢገኝብሽ እንኳ ማጥባት አይቆምም። የሚያስተላልፈው ትንፋሽሽ ነው፤ ስታስይ፣ ስታወሪ፣ ስትዘፍኚላት የሚወጣው አየር። ስለዚህ ውጤትሽ እስኪታወቅ ድረስ ስታጠቢያት ማስክ አድርጊ። መስኮት ከፍተሽ ወይም በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ አጥቢያት። ሌሊት አብራሽ ባትተኛ ይሻላል። ለጥቂት ቀን ከአባቷ ወይም ከአያቷ ጋር ትደር። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የ9 ወር ልጅ ሌሊት የምትፈልገው እናቷን ነው። ግን የቀናት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ትመረመሪያለሽ።

አዎ፣ ነገ። ሰኞ አይደለም፣ ተረኛነቱ ሲያልቅም አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጅማ አቅራቢያ፣ ከሰቃ፣ አንድ ገበሬ መጥቶ «3 ሳምንት አሳለኝ፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? «አክታ አምጣ» ትይዋለሽ። ሳታመነቺ። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ ለቲቢ ይመረመራል፤ ይህን ለተማሪዎች የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። ለእሱ የምታደርጊውን ለራስሽ ለምን ነፈግሽ? ጡት ማጥባት ያልባል፣ እውነት ነው። ጡት ማጥባት ግን አያስልም።

አሞክሲሲሊኑንም በተመለከተ እንነጋገር። ይህ የኛ የጤና ባለሙያዎች ክፉ ልማድ ነው። መድኃኒቱ በእጃችን ነው፣ ስሙን እናውቃለን፣ ካርድ ሳናወጣ እንውጣለን። አሞክሲሲሊን ቲቢን አይገድልም። ሻል ያለሽ የቲቢ ሳል እንዲህ ወጣ ገባ ስለሚል ይሆናል፤ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ተደርቦብሽ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ልጨምር እንዳትይ። እነሱ የቲቢውን ጀርም ይነካሉ፤ ግን አያጠፉትም። በሽታውን ደብቀው ምርመራውን ያዘገያሉ። ጀርሙም መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍታሉ።

ፍርሃትሽን አላናንቅም። እኔም በ1996 ዓ.ም. እንዳንቺው ነበርኩ። ያኔ በሌላ ከተማ ነበር የምሠራው። 2 ወር ሙሉ አሳለኝ። የጠየቀኝን ሁሉ «ብርድ ነው» እላለሁ። የሳል ሽሮፕ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ይዤ ተረኛ እገባለሁ። ቀሚሴ ሲሰፋኝ አጠበብኩት። አንድ ቀን የዋርዳችን ኃላፊ ምንም ሳትናገር ክንዴን ያዘችና ላብራቶሪ ወሰደችኝ። አክታዬ ላይ ጀርሙ ተገኘ። ቀጥሎ የ4 ዓመት ልጄ ተመረመረ። እሱም ታሞ ነበር።

ያኔ የአዋቂ ሕክምና 8 ወር ነበር። ሁለታችንም ዳንን። ልጄ ዛሬ ከእኔ በላይ ቁመት ያለው ወጣት ነው። እነዚያ 2 ወራት ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። ዋርዱ ውስጥ በስኳር፣ በልብ፣ በኩላሊት ተኝተው የነበሩ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። መርፌ ስወጋቸው ፊታቸው ላይ ጎንበስ እል ነበር። ስንቶቹን እንዳስያዝኩ አላውቅም። ይህን የምነግርሽ እንድትጨነቂ አይደለም። የደበቅሽው ሳል ከአንቺ ጋር ብቻ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው።

ካርድሽ እንዳይታይ ከፈለግሽ ከምትሠሪበት ቦታ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ምንም ነውር የለበትም። ጅማ ላይ በየአቅጣጫው ጤና ጣቢያ አለ። ማስክሽን አድርገሽ፣ የባጃጁን ሸራ ገለጥ አድርገሽ ሂጂ። አክታ ስትሰጪ እንደ ባለሙያ ስጪ። አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪ። ውጭ፣ አየር ላይ ቁሚ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወይም ሽንት ቤት ውስጥ እንዳታደርጊው፤ ከአንቺ በኋላ የሚገባው ሰው ያንን አየር ይተነፍሳል። በረጅሙ ሁለት ሦስቴ ተንፍሺና ከደረትሽ አውጪው። ምራቅ አይጠቅማቸውም። አክታውን የሚመረምረው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ናሙናው ከገባለት በኋላ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይመልሳል። እዚያው ባይኖራቸው ናሙናሽን ማሽኑ ወዳለበት ይልኩታል። ማሽኑ ጀርሙ መኖሩን ብቻ አይደለም የሚናገረው። ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ይለያል። ለኛ ይህ በጣም ያስፈልገናል። ከየትኛው በሽተኛ እንደያዘን አናውቅማ።

መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ ከተገኘብሽ ሕክምናው 6 ወር ነው። የመጀመሪያውን 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፣ የቀረውን 4 ወር 2 ዓይነት ትወስጃለሽ። በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ሽንትሽ ብርቱካንማ ይሆናል፤ አትደንግጪ። አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ እንክብሎችንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማል። ክንድሽ ላይ ካለ ለቲቢ ክሊኒኩ ንገሪያቸው። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠይቁሻል፤ ለሁሉም የቲቢ ታማሚ የሚደረግ ነው።

ልጅሽም ትታያለች። ሲወለዱ የሚሰጠው ቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ፣ ወደ አንጎል ሽፋን ከሚገባው ዓይነት፣ በደንብ ይከላከላል። ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ እናቷ የሳንባ ቲቢ ከያዛት ልጅቷ ትመረመራለች። ታማ ከተገኘች ትታከማለች። ካልታመመች መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ውጤቱ ነፃ ቢሆንስ? ሳሉ ካልለቀቀሽ ራጅ ተነሺ፣ ሐኪም ይይሽ። ጉዳዩን እዚያ ላይ አትዝጊው።

ጀርሙ ገብቶ መተኛቱና በሽታው መነሳቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው ጀርሙን ተሸክሟል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። አደጋው የሚበዛው ጀርሙ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 2 ዓመታት ነው። ስለዚህ አሁን ነፃ ብትሆኚም ያቺ የሥራ ጓደኛሽ ከታመመች ገና 2 ወር እንደሆነ አትርሺ። መከላከያ መድኃኒት ለአንቺ ይገባ እንደሆነ የቲቢ ክሊኒኩን ጠይቂ። ዛሬ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላ 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዓይነትም አለ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ ልምጣ። ዋርዱን ልልቀቅ ብለሻል።

ብዙ ጓደኞቻችን የሚፈሩት ቲቢ ክሊኒክ ነው። እዚያ ሲመደቡ ያለቅሳሉ፣ ሰው ይለምናሉ። እኔ ግን ክሊኒኩን ያን ያህል አልፈራውም። እዚያ ያለው በሽተኛ ታውቋል። መድኃኒት ጀምሯል። መድኃኒቱ የሚሠራለት ሰው ማስተላለፉ ቶሎ ይቀንሳል። እኔ የምፈራው የአንቺን ዋርድ ነው፤ ድንገተኛ ክፍሉንና የተመላላሽ ኮሪደሩን ነው። «የልብ ድካም» ወይም «የሳንባ ምች» ተብሎ አልጋ የያዘው፣ ማንም አክታ ያልጠየቀው ሰው እዚያ ነው ያለው። ከሊሙ ወይም ከጎማ ገጠር የመጣው፣ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ሳሉን ችሎ የቆየው እዚያ ነው የሚገባው። ቀንም ሌሊትም ያስላል። ከጎኑ ቆመሽ አንቺ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ትለኪያለሽ።

ስለዚህ ዋርድ መቀየር ብቻውን አያድንሽም። የሚያድንሽ ሁለት ነገር ነው፤ የሚያስለውን ሰው በር ላይ መለየትና አየሩ።

በር ላይ መለየት ብዙ ወጪ የለውም። ካርድ ክፍል ወይም ትሪያጅ (በሽተኛ መጀመሪያ የሚለይበት ቦታ) ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ «ያስልዎታል? ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ ይጠይቅ። ከገጠር የሚመጣው ብዙው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ «ቁፋ ቀብዱ?» (ሳል አለዎት?) ይባል። ያሳለው ሰው ማስክ ይሰጠው፣ ውጭ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ሰልፉ ሳይጠብቅ ቀድሞ ይታይ። ጨካኝነት አይደለም፤ ቀድሞ መታየቱ ለራሱም ጥቅም ነው። የቲቢ ጥርጣሬ ያለበትን በሽተኛ ኤችአይቪ ካለበት ሰው ወይም ከስኳር በሽተኛ አጠገብ አታስተኙት። አልጋ እንደሚጠብ አውቃለሁ። ቢያንስ ማን ከማን ጎን እንደሚተኛ ይታሰብበት።

አየሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ ሰው በጣም የሚቸገርበት እሱ ላይ ነው።

ሰው ሲያስል የሚወጡት ትልልቆቹ ጠብታዎች ወዲያው ይወድቃሉ። አደገኞቹ ደቃቆቹ ናቸው፤ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆኑ። በዓይን አይታዩም። ተዘግቶ ባለ ክፍል ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። በሽተኛው ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ አየሩ ውስጥ አሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ራይሊ የሚባል ሐኪም አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ይህን አሳየ። የቲቢ በሽተኞች ከተኙበት ዋርድ የሚወጣውን አየር በቧንቧ ጊኒ ፒግ ወደሚባሉ ትንንሽ እንስሳት አደረሰ። እንስሳቱ በሽተኞቹን አልነኩም፣ ዕቃቸውን አልነኩም። የተነፈሱት አየሩን ብቻ ነው። ተያዙ። ሌላም ነገር ታየ። አብዛኛውን ያስያዙት ጥቂት በሽተኞች ነበሩ። ሕክምና ላይ ያሉት ደግሞ ብዙም አላስያዙም።

እንግዲህ አየሩ ከሆነ የሚያስይዘው፣ መፍትሔውም አየሩ ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የፔሩ ጥናት አለ፤ ለባልደረቦቼ ሁልጊዜ የማነሳው ነው። ሊማ ከተማ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች 70 ክፍሎች ተለኩ። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየራል። አየር በማሽን ለሚቀየርላቸው ክፍሎች የሚመከረው በሰዓት 12 ጊዜ ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ ከአዳዲሶቹ በለጡ። ያለ መብራት፣ ያለ ጄነሬተር፣ ያለ ግዥ ጨረታ። መስኮት በመክፈት ብቻ።

ጅማ ላይ ግን መስኮት መክፈት ቀላል አይደለም። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም። ሐምሌ ሌሊት ላይ ከአዌቱ ወንዝ በኩል የሚመጣው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል። የኛ ሰው ደግሞ ከቲቢ ይልቅ ብርድ ይፈራል። «ነፋስ ይመታዋል» ይላል አስታማሚው። መስኮቱን በካርቶንና በፌስታል ይወትፋል። አንቺም ተረኛ ሆነሽ ታዪዋለሽ፤ ሰውዬው አባቱን ከብርድ እየጠበቀ ነውና ዝም ትያለሽ። እኔም ዝም ብዬ አውቃለሁ። ስህተት ነበር።

እንዴት እንደሚባል ልንገርሽ። ፌስታሉን ነጥቀሽ አትጣዪበት፤ ይጣላሻል። መጀመሪያ ለአባቱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ፈልጊለት፤ ጋቢም ካለው ደርብለት በይው። ከዚያ «አባትህ ብርድ እንዳይመታው ጋቢው አለ። ከጎኑ ያለው ሰው ሳል ግን በጋቢ አይመለስም» በይው። ገበሬ ነው፤ ይገባዋል። ጭስ በሞላው ማድቤት ውስጥ በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያውቃል። በሁለት ወገን ያሉትን ትይዩ መስኮቶች ክፈቱ፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ አይዘዋወርም። ዝናብ በሚመታው በኩል ያለውን ገርበብ አድርጉት፤ ጨርሳችሁ አትዝጉት። የሚያስለውን በሽተኛ አየሩ በሚወጣበት በኩል አስተኙት። አንቺ ደግሞ ስትቆሚ ነፋሱ ከጀርባሽ ወደ እሱ እንዲሄድ ሆነሽ ቁሚ።

የምትፈሪው በሽተኞቹን ብቻ ነው። የነርሶች ክፍላችሁን አስቢው። ጠባብ ናት፣ በሯ ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ስድስት ሰባት ሰው ተጠጋግቶ ቡና ይጠጣል። አንዱ ካሳለ ሁሉም ይተነፍሰዋል። ቡናውን አትተዉት፤ ጅማ ላይ ይህን ብል ማንም አይሰማኝም። ግን በሩን ከፍታችሁ ጠጡ፤ ዝናብ ሲያባራ ውጭ ጠጡ። በሩ ሲዘጋ ደግሞ የከሰሉ ጭስ ራሱ ሰው ይገድላል።

ማስክ ላይ አላረዝምም። ብዙ ጊዜ ግን የተገላቢጦሽ ነው የምናደርገው። ሰማያዊው ስስ ማስክ ለበሽተኛው ነው፤ የሚያስለው ነገር እንዳይወጣ ያግዛል። አንቺን ከደቃቆቹ አይከላከልሽም፤ በጠርዙ አየር ያስገባል። ለአንቺ የሚያስፈልግሽ ደቃቆቹን የሚያጣራው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚደረገው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ነው። እሱም ፊትሽ ላይ ካልገጠመ ጥቅም የለውም። የአፍንጫውን ሽቦ ተጫኚው። እፍ በይ። በጠርዙ አየር ከወጣ እንደገና አስተካክይው። ጢም ያላቸው ወንድሞቻችንን ጢሙ ያጋልጣቸዋል። አንዱን ማስክ ለጥቂት ቀናት ለመጠቀም ከተገደድሽ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪው፤ ፌስታል ውስጥ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ከረጠበ፣ ከተቀደደ፣ ላስቲኩ ከላላ ጣዪው። ኤን 95 ሲያጥር ሁለት ስስ ማስክ ደርቦ ማድረግ እሱን እንደማይተካ ለአለቆችሽ ንገሪያቸው። ብቻሽን አትንገሪ። ማትሮኗን (የነርሶቹን ኃላፊ) ይዘሽ፣ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴውን ይዘሽ፣ በጽሑፍ።

በጽሑፍ ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው። ቲቢ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአካባቢው የሚገኝ ተላላፊ በሽታን በአብዛኛው የሥራ በሽታ ብሎ አይቆጥርም፤ ሥራቸው ያንኑ በሽታ መዋጋት ብቻ የሆኑትን ሠራተኞች ግን ከዚህ ለይቶ ያወጣቸዋል፤ ለእነሱ የሥራ በሽታ ነው። ይህ አዋጅ በግል ተቋም ለሚሠሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት የራሱ ድንጋጌ አለው። ስለዚህ ቲቢ ከተገኘብሽ የምርመራውን ቀን፣ የሠራሽባቸውን ዋርዶች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መታመሟ የታወቀበትን ቀን በደብተር ጻፊ። ለሰው ኃይል ክፍሉ በደብዳቤ አሳውቂ፤ ቅጂውን አስቀሪ። እኔ ያኔ ምንም ጽሑፍ ስላልነበረኝ «ከቤትሽ ነው የያዘሽ» ተባልኩ። መልስ አጣሁ።

እና ሙያውን ልተው ላልሽው፣ ሳትመረመሪ ምንም አትወስኚ። ታሞ የተወሰነ ነገር ሲድኑ ያስቆጫል። በምርመራው ሰውነትሽ በሽታ የመቋቋም አቅሙ የተዳከመ መሆኑ ከታወቀ፣ ወይም እንደገና ካረገዝሽ፣ አደጋው ያነሰበት ቦታ እንድትመደቢ ጠይቂ። መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ስንፍና የሚመስለው ሰው ይምሰለው። ከዚያ ውጭ ግን ውሳኔሽን ከአማትሽ ፍርሃት ለይተሽ አስቢው።

ስለ አማትሽ። አትቆጪያቸው። ስኒ የለዩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ በዘመናቸው ቲቢ የገባበት ቤት ሰው ሲቀብር አይተው ይሆናል። አጠገባቸው ቁጭ በይና ንገሪያቸው። «እማማ፣ ይህ በሽታ በስኒ፣ በሳህን፣ በልብስ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ በአየር ነው። ስኒዬን ከሚለዩብኝ መስኮቱን ይክፈቱልኝ» በያቸው። ሥራም ስጪያቸው። ሌሊት ልጅቷን ይዘው ይደሩልሽ። መድኃኒት ከጀመርሽ ጠዋት ጠዋት መዋጥሽን ያረጋግጡልሽ። አያት ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ባለቤትሽም ዝም ያለው ምን እንደሚል ስላላወቀ ይሆናል። ነገ ጤና ጣቢያ ድረስ አብሮሽ እንዲመጣ ጠይቂው። ሳል ካለው እሱም እዚያው ይመርመር።

የቀረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር አልፈሻታል። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኳት። አንቺ ሙቀትና ግፊት ለመለካት አሥር ደቂቃ የምትቆሚበት ክፍል ውስጥ እሷ ወለል ስትወለውል ግማሽ ቀን ትውላለች። የአክታ ዕቃውን የምታነሳው እሷ ናት። ማስክ ሲታደል ለነርስና ለሐኪም ነው የሚቆጠረው፤ እሷን የሚቆጥራት ስንቱ ነው? ስለ ቲቢ ሥልጠና ሲሰጥ ማን ጠራት?

መድኃኒት ከጀመረች 2 ወር ከሆናት፣ መድኃኒቱ ከሠራላት፣ አሁን አጠገቧ የሚተነፍስ ሰው የሚፈራት አይደለችም። በዚህ ሰሞን አክታዋ እንደገና ይታያል። መድኃኒቱ ከ4 ወደ 2 የሚወርደውም አሁን ነው። ብዙ ሰው ሻል ሲለው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ጠያቂ ሲያጣ ደግሞ ይበልጥ ይሰንፋል። አንቺ የራስሽን ውጤት ካገኘሽ በኋላ ሂጂ። የሚያስተላልፍ ቲቢ ካለብሽ የቲቢ ክሊኒኩ እስኪፈቅድልሽ ጠብቂና እስከዚያ ደውይላት። ትንሽ ስኳርና ፍራፍሬ ያዢ። «ዘገየሁ፣ ይቅርታ» በያት፤ ሰበብ አትደርድሪ። ቡና ታፈላልሽ ይሆናል። ስኒውን ስትሰጥሽ ተቀበያት። መድኃኒቷን ጨርሳ ወደ ዋርዱ ስትመለስ፣ ለራስሽ ኤን 95 ስትጠይቂ፣ ቁጥሩ ውስጥ እሷን ጨምሪያት።